የቦራ ቁርበት

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እኔም አደርጋለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመውን ልብስና ምንጣፍ አውጥቼ አጥር ላይ አሰጣለሁ። ዘንድሮም ባናውን፣ ደበሎውንና የልጆቹን ቡትቶ ሁሉ አውጥተን ከጨረስን በኋላ ምራቴ ከመደቤ ላይ አንድ ነገር ጎትታ አመጣችና አፍንጫዋን ይዛ "እማማ፣ ይኼስ እንግዲህ ለውሻ መተኛ ይሁን" አለችኝ። የእርጥብ ቆዳ፣ የጭስና የድሮ ላብ ሽታ ግቢውን ሞላው። ምራቴ ደግ ልጅ ናት፤ የሚጣለውን ከማይጣለው ለመለየት ግን ገና ብዙ ይቀራታል። ቁርበቱን ከእጇ ተቀብዬ ሣሩ ላይ ዘረጋሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀጉሩ አልቆ ተመልጧል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ አንገቱ በነበረበት በኩል ግን ቀንበር ሲፈገፍገው የኖረ ጠባሳ እስካሁን በጣት ይዳሰሳል። ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ሽታውን ስስበው ደብረ ብርሃንም፣ ምራቴም፣ አጥሩም ቀስ እያሉ ከፊቴ ራቁ።

ያን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ፣ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከአሊዩ አምባ በኩል የሚነሣው ጉም ሽቅብ ወጥቶ በራችን ድረስ ይመጣና ዶሮዎቹን ይደብቅብን ነበር። ከቤታችን ጓሮ የሚጀምረው ማሳችን ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ከቤታችን የሚበልጥ አንድ ጥቁር ቋጥኝ ሥር ያበቃል። የማሳው ራስ ጓሮው፣ የማሳው እግር ቋጥኙ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ዓለም የምታበቃው ቋጥኙ ጋ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉም ብቻ ስለሆነ እምብዛም አልተሳሳትኩም።

አባቴ ተክሌ ከሰው ጋር ቁጥብ፣ ከበሬ ጋር ግን ወሬኛ ነበር። ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራና መልኩ አመድማ የሆነ ዳልቻ። ማታ ከእርሻ ሲመለስ እኛን በዓይኑ ብቻ ሰላም ብሎ ያልፍና በረት ገብቶ ቦራን "እንዴት ነህ፣ ደከመህ ወይ፣ ያቺ የድንጋዩ ጥግ አስቸገረችህ አይደል?" እያለ ጀርባውን ያሻሸዋል። እናቴ አስካለ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ይኼን ስትሰማ "እኔንም እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ቀን ቀንድ አበቅላለሁ" ትልና ትስቅ ነበር። ዳልቻ ሰነፍ እንደነበር፣ ቦራ ግን የአባቴን ሳል ሰምቶ ብቻ ትልም መጨረሻ ላይ እንደሚዞር ዛሬም ድረስ የምምልበት ነገር ነው።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። የከብት በሽታ ገባ ሲባል ሰማን፤ ሰምተን ሳንጨርስ እኛው መንደር ደረሰ። በየካቲት ወር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከመንደራችን የከብት ድምፅ ጠፋ። ዳልቻ ቀድሞ ወደቀ፤ ቦራ ሦስት ቀን ታግሎ በአራተኛው ቀን አባቴ ጭን ላይ ራሱን አሳርፎ ሞተ። አባቴ የዳልቻን ቆዳ ሌሎች እንዲገፍፉት ትቶ የቦራን ራሱ ገፈፈ፣ ራሱ ወጠረ፣ ራሱ ፍቆ አለፋ። ቁርበቱ ደርቆ ለመኝታ ሲደርስ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለውና መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ሲጠሩትም አይዞርም ነበር።

በቤታችን የቀረን ነገር በአንድ ትልቅ እንስራ ውስጥ አፉ በጭቃ የታሸገ የዘር ገብስ ነበር። የምንበላው የአጥር ሥር ጎመንና ሳማ ነው፤ ሳማ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፣ ሆድን ማታለሉንም ያውቅበታል። ወንድሜ ሽፈራው ገና ጡት የሚጠባ ነበር፤ የእናቴ ጡት ግን እየነጠፈ ሄዶ ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ እየቀጠነ መጥቶ ነበር። መንደሩ ውስጥ ዘራቸውን ቆልተው የበሉ ሰዎች ቤታቸውን ዘግተው ወደ ቆላ ወረዱ፤ ከነሱ የተመለሰ የለም። እናቴ ማታ ማታ የእንስራውን አፍ በመዳፏ እየነካካች ጭቃው እንዳልተሰነጠቀ ታይ ነበር። ሰኔ ዝናብ ሲገባ ማሳው ተዘጋጅቶ ካልጠበቀው ዘሩን እኛም እንበላዋለን፤ ከዚያ በኋላ የምንበላው አይኖርም። ይኼን እኔም ሳይነግሩኝ አውቀው ነበር።

በመጋቢት አንድ ጠዋት እናቴ ሽፈራውን አዘለች፤ የእርሻውን ዕቃ ከተቀመጠበት አወረደችና ከእርፉ ጫፍ ላይ ማረሻውን፣ ያንን የሾለ ብረት፣ በድንጋይ መትታ አወለቀችው። በቀጥተኛ የወይራ እንጨት ላይ ሰክታ መቆፈሪያ አደረገችው። ከዚያም የቦራን ቁርበት ከግድግዳው አውርዳ በብብቷ ይዛ ወጣች። ጓሯችን፣ ማሳው ራስ ላይ ዘረጋችው፤ ዙሪያውን በእንጨት ጫፍ ጫረች፣ ቁርበቱን አነሣች፣ የጫረችውን መቆፈር ጀመረች። ያን ዘመን በእኛ አገር አራሽ መሬትን በእጁ ቆፈረ ማለት ተዋረደ ማለት ነበር፤ ሴት ቆፈረች ማለት ደግሞ ባልዋ ሞቷል ማለት ነው። የጎረቤታችን የአያ ገብሬ ሚስት በአጥሩ ላይ አሻግራ አይታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አባቴ ከቤት የወጣው ለመቆፈር አልነበረም፤ ቁርበቱን ሊነጥቃት ነበር። ለስንት ቀን ያልሰማሁትን ድምፁን ያን ጠዋት ሰማሁት።

"ቦራን መሬት ላይ ጣልሽው? ትረግጪዋለሽ?"

እናቴ ቀና ሳትል "አልረግጠውም፤ እየለካሁበት ነው" አለችው። "ዛሬ የዚህን ያህል ቆፍሬ እገባለሁ፤ ነገም እንዲሁ።"

አባቴ ቁልቁል ማሳውን፣ ከማሳው ግርጌ ያለውን ቋጥኝ አየና "ይኼ ሁሉ እንዴት ያልቃል፣ አንቺ ሴት?" አለ።

"ቋጥኙን አትየው" አለችው። "ቁርበቱን እየው።"

ሽፈራው በጀርባዋ ላይ ሆኖ ያን የቀጠነ ለቅሶውን ጀመረ። አባቴ ቁርበቱን አንሥቶ አቧራውን አራገፈ፣ ወደ ቤት ሊመልሰው ነው ብዬ ስጠብቅ ከተቆፈረው ጠርዝ ቀጥሎ በጥንቃቄ፣ ለእንግዳ እንደሚያነጥፍ ሰው፣ ዘረጋውና መቆፈሪያውን ከእጇ ወሰደ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢስተካከል ጥሩ ነበር፤ አባቴ ግን ሲተኛም ሲነሣም ልክ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አያ ገብሬ አጥሩን ተደግፎ "ተክሌ፣ መሬቱን በቁርበት የምትለካው ሱሪ ልታሰፋለት ነው?" ብሎ ቀለደበት። አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ ቀና ሳይል አሥራ ሁለት ቁርበት ቆፈረ። ማታ ቤት የገባው በአራት እግሩ ነው። ወገቡ ተይዞ ስምንት ቀን ሙሉ ተኛ፤ እናቴ የወገቡን ቦታ በሞቀ ድንጋይ እየተኮሰች የምላሷንም አልነፈገችውም። "በቀን አራት ብትቆፍር ኖሮ እስከዛሬ የት በደረስክ! አያ ገብሬን ለማናደድ ብለህ ስምንት ቀን መደብ ታሞቃለህ?" ትለዋለች። አባቴ ከሥቃዩ ይልቅ ይኼ ስሌት ያመው ነበር መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሊያዞር ይፈልግና ወገቡ አያዞረውም።

በዘጠነኛው ቀን ሲነሣ እናቴ ሕጓን አወጣች። አባቴ በቀን አራት ቁርበት፣ እሷ ሦስት፣ እኔ አንድ። ቢደክመንም ያው ነው፣ ብንበረታም ያው ነው። አባቴ አራተኛውን ጨርሶ ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ መቆፈሪያውን እንዲያስቀምጥ ይገደዳል፤ ቁርበቱ ላይ ቁጭ ብሎ ያልተቆፈረውን እያየ እጁ ሲበላው አየው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ጀርባዋን ስትሰጠው አምስተኛ ሊጀምር ሲል ያዘችውና ማረሻውን ከእንጨቱ አውልቃ ወደ ቤት ይዛው ገባች። ከዚያ ወዲህ ማረሻው ማታ ማታ ከራስጌዋ ሥር ያድር ነበር።

በዓላቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበሩ። በእኛ አገር ሚካኤል፣ ማርያም፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም ሲባል መሬት አይነካም፤ ሰንበቶቹን ሲጨምሩበት ወሩ ይጋመሳል። እናቴ ሕጓ እንዳይፈርስባት የነፍስ አባታችንን አባ ኃይሌን ጠይቃቸው ነበር። አባ ኃይሌ ራሳቸውም ሳማ ሲበሉ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን እየጎተቱ ብዙ አሰቡና "መቆፈር አይሆንም። ከማሳ ላይ ድንጋይ ማንሣት ግን መንገድ እንደ ማጽዳት ነው፤ መንገድ ማጽዳት ደግሞ ጽድቅ ነው" አሉ። ስለዚህ በበዓል ቀን የእነሱን ሰባትና የእኔን አንድ ቁርበት እያነጠፍን የነገውን ድንጋይ እንለቅማለን። አንድም ቀን ሳናነጥፈው አልዋልንም። አባቴ ደግሞ ማታ ቁርበቱን ጠቅልሎ ወደ ቤት ሲወስደው ቀስ ብሎ "ደከመህ ወይ?" ሲለው ሰማሁት፤ እናቴም ሰምታ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም።

ሚያዝያ ሲገባ አያ ገብሬ ራሱ በአጥሩ በኩል መጥቶ፣ ቀልዱን ሁሉ ረስቶ፣ "በቀን ስንት ነው የምትቆፍሩት?" ብሎ ጠየቀ። የሞተ በሬ ቆዳ የሌለበት ቤት አልነበረምና በሳምንቱ ከእኛ ማሳ ወዲያ ማዶ ሌላ ቁርበት ተዘርግቶ አየን፤ ከዚያም ሌላ። ግንቦት ላይ ከጓሯችን ቆሜ ቁልቁል ሳይ ሸንተረሩ ላይ ቀይ፣ ጥቁር፣ ዥጉርጉር በሬዎች ተኝተው የሚያመሰኩ ይመስሉኝ ነበር። አባቴ እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል፤ "ያ የገብሬ ሻንቆ ነው፣ ያኛው ተዋጊው ነው" እያለ ያሳየኝ ነበር።

እኔ ግን ደከመኝ። ልጅ ነኝ፣ ርቦኛል፣ ቋጥኙን አትዩ ቢባልም ሰርቄ አያለሁ። የምቆፍረው በአጭር ሹል እንጨት ስለነበር አንዷ ቁርበቴ የአባቴን አራት ያህል ትረዝምብኛለች። እጄ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ጠጥሮ፣ በመጨረሻ የእናቴን እጅ መሰለ፤ በዚህስ በጣም ኮርቼ ነበር። ሰኔ ሲገባ ቋጥኙ አጠገባችን ደረሰ። ጉሙ ጠቁሮ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ከቆላው በኩል በተሰማበት ቀን፣ አባቴ ከወዲያ፣ እናቴ ከወዲህ ሆነው የቀረው መሬት ልክ የእኔ አንድ ቁርበት ብቻ ነበር፤ ቋጥኙ ሥር፣ ሥራሥር የበዛበት፣ ድንጋይ የሚመስል መሬት።

ያን ቀን ያደረግኩትን እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያሳፍረኛልም። ቋጥኙን ነክቼ "ጨረስን" የምለው እኔ እንድሆን ከልቤ ፈልጌ ነበር፤ መሬቱ ግን እንቢ አለኝ። እናቴ ልጁን ልታጠባ ዘወር ስትል፣ አባቴ ሰማዩን ሲያይ፣ ከላይ ከላዩን ጫር ጫር አድርጌ ከጎኑ የለሰለሰ አፈር በእፍኜ እየዘገንኩ አለበስኩት። አፈሩን በመዳፌ አስተካከልኩት፤ ያማረ ቁፋሮ መሰለ። ከዚያ ሮጬ ቋጥኙን በሁለት እጄ መትቼ ጮኽኩ። እናቴ ሽፈራውን ወደ ላይ አነሣችው፤ አባቴ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። እኔም አብሬያቸው ሳምኩ። በማግስቱ የእንስራው ጭቃ ተሰብሮ ዘሩ ተዘራ፤ አፈሩን በእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተትን አለበስነው፤ ማታውን ዝናቡ ወረደ።

ክረምቱን እንዴት እንዳለፍነው መናገር አልወድም። የአያ ገብሬ ታናሽ ልጅ ክረምቱን አልወጣም። የእኛ ሽፈራው ወጣ። መስከረም ላይ ገብሱ ጉልበት ደርሶ ማሳው ከጓሯችን እስከ ቋጥኙ ድረስ ለምለም ሆነ፤ ከቋጥኙ ሥር ካለችው አንድ ቦታ በስተቀር። እዚያ ጋ የአንድ ቁርበት ያህል መሬት፣ አራት ማዕዘኗ ሳይቀር፣ ቢጫና ቀጫጫ ገብስ አብቅላ ቆመች። እንደዚያ ያለ ምስክር በዳኛ ፊት ቀርቦ አያውቅም። አባቴ እጄን ይዞ ማሳውን ሲያሳየኝ ስለነበር ማምለጫ አልነበረኝም። ቆመ፣ ቦታዋን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቦታዋን አየ። ጆሮዬን የሚቆነጥጠኝ መስሎኝ በእጄ ሸፈንኩት።

"ይቺን ማን እንደቆፈራት አወቅሁ" አለና ሳቀ። ቦራ ከሞተ ወዲህ አባቴ ስቆ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ቋጥኙን ተደግፎ፣ ያ የታመመ ወገቡን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እናቴ ከጓሮው ሰምታ ምን ሆኑ ብላ እየሮጠች መጣች፣ ነገሩን ስታይ እሷም ቁጭ ብላ ሳቀች። እሸቱ ሲደርስ መጀመሪያ የጠበሰልኝ ከዚያች ከቀጫጫዋ ገብስ ነው። "የእጅሽን ቅመሺ" አለኝ። ከዚያ የሚጣፍጥ እህል ከዚያ በኋላ አልበላሁም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ በሬ ወደ መንደራችን ተመለሰ፤ አባቴም እንደገና በረት ገብቶ የሚያወራው አገኘ። ያቺን የቋጥኙን ሥር ግን ማረሻ አይደርስባትም፤ በሬዎቹ እዚያ ሲደርሱ መዞር ስላለባቸው ዱሮም ጥግዋ ሳትታረስ ትቀር ነበር። አባቴ በየዓመቱ በሰኔ፣ ከመዝራቱ በፊት፣ የቦራን ቁርበት ይዞ ይወርድና እዚያው አንጥፎ ለክቶ በእጁ ይቆፍራታል። እኔ ደብረ ብርሃን ተድሬ ከመጣሁ በኋላም አልተወውም። ለገበያ በሚመጣ ሰው ሁሉ መልእክት ይልክልኛል፤ ስለ ጤናዬ ጠይቆ፣ ስለ ልጆቼ ጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ "ያንቺን ቆፍሬልሻለሁ በሏት" ይላል። መልእክተኞቹ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ ግራ እየተጋቡ ይነግሩኝና እኔ ስስቅ ይበልጥ ግራ ይጋባሉ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ያን መልእክት ሳልሰማ ክረምቱ የገባልኝ አይመስለኝም ነበር።

እናቴ ቀድማ አረፈች። አባቴ የታመመበት ዓመት ላስታምመው ወርጄ እሱ ዘንድ ከረምኩ። ወንድሜ ሽፈራው ጎልማሳ ሆኖ ማሳውን የሚያርሰው እሱ ነበር። ሰኔ ሲገባ አባቴ መደቡ ላይ እንደተኛ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ "ዘንድሮ አንቺው ቆፍሪያት፤ ቁርበቱን አንጥፈሽ" አለኝ። እሺ አልኩት። በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲደርስ ትንፋሹ ከብዶ አገኘዋለሁና ከአጠገቡ መነሣት እፈራለሁ። ከቤቱ እስከ ማሳው እግር ያለው ርቀት ልጅ ሆኜ የምሮጠው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስመለስ አባቴን በሕይወት የማላገኘው መሰለኝ። ሽፈራው የሚዘራበት ቀን ደረሰ። ማታ አባቴ "ቆፈርሻት?" አለኝ።

"ቆፈርኳት፣ አባባ" አልኩት።

እጄን ወስዶ መዳፌን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ለስላሳ ነበር፣ የከተማ ሴት እጅ። እጄን ሳይለቅ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ።

ለመስቀል ከደብረ ብርሃን ስመለስ ከሽፈራው ጋር ወደ ማሳው ወረድን። ገብሱ ያማረ ነበር። ቋጥኙ ሥር ስንደርስ የአንድ ቁርበት ያህል መሬት ቢጫ ሆና፣ ቀጥና፣ ቆማ ጠበቀችኝ። ወንድሜ ያን ዘመን በጀርባ ላይ የነበረ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ አንዷን አገዳ ነቀለና "እዚህ ጋ እንኳ መሬቱ ደክሟል መሰለኝ" አለ።

ቋጥኙን ተደግፌ ቆምኩ። ያቺን ቦታ ማን እንዳልቆፈራት አውቆ የሚስቅብኝ ሰው አገር ምድሩ ላይ አልነበረም።

ምራቴ አሁን ከበሩ ሆና እያየችኝ ነው። ቁርበቱን ገልብጬ የፀጉሩን በኩል ለፀሐይ ሰጠሁትና "ሲደርቅ ወደ መደቤ መልሽልኝ" አልኳት።